ወርቁን ለጊዜው ተይው፣ ሰሙን አጥብቀሽ ያዢ

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን ከመጣን ሁለት ዓመት አልፎናል። አሁን ዪር ቴን ነኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጂሲኤስኢ የሚባለውን የሁለተኛ ደረጃ ፈተና እወስዳለሁ። ትምህርት ቤታችን የሚጠቀመው ኤኪውኤ የተባለው የፈተና ድርጅት የሚያዘጋጀውን ፈተና ነው። ሒሳብና ሳይንስ ላይ ችግር የለብኝም። ኢንግሊሽ ሊትሬቸር ግን አስለቅሶኛል። ግጥሙን፣ አጭር ልቦለዱንና ድራማውን ቃል በቃል ፈትቼ እረዳዋለሁ። ጥቅስም እሸመድዳለሁ። ድርሰት ስጽፍ ግን ከፍተኛው ውጤት 9 ሆኖ እኔ ከ4 አላልፍም። መምህርቷ ዳር ላይ ‹ታሪኩን ደግመሽ ነው የነገርሽኝ›፣ ‹እና ምን ይሁን?› ብላ ትጽፍብኛለች። አገር ቤት ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው ተብለን ተምረናል። እዚህም ወርቁን እፈልጋለሁ፤ መምህርቷ ግን አትነግረንም። ‹አንቺ ምን ይመስልሻል?› ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ? ቋንቋውም የኔ አይደለም። ደግሞ ስንት ጥቅስ ነው መሸምደድ ያለብኝ? እባክዎ ይርዱኝ።

ግራ የገባት፣ ከለንደን»

መልስ

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በመጀመሪያ አይዞሽ። በሌላ ቋንቋ የተጻፈን ግጥም በሁለት ዓመት ውስጥ ፈትቶ መረዳት ቀላል ነገር አይደለም። ውጤትሽን ዝቅ ያደረገውም እንግሊዝኛሽ አይመስለኝም። እሱ ቢሆን ኖሮ መምህርትሽ ዳር ላይ የምትጽፈው ስለ ሰዋስው ነበር። የጻፈችው ግን «እና ምን ይሁን?» ነው። ይህ ስለ ሐሳብሽ የቀረበ ጥያቄ ነው።

ችግሩ ያለው አንዷ ዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ ነው። «ወርቁን እፈልጋለሁ፤ መምህርቷ ግን አትነግረንም» ብለሻል።

ቅኔ ላይ ባለቅኔው አንድ ነገር ይቀብራል። ሰሚው ይቆፍራል። ወርቁ ሲገኝ «ይበል!» ይባላል። አንቺም ይህን ልማድ ይዘሽ የእንግሊዝኛ ግጥም ፊት ቆመሻል። ከቃላቱ ሥር መምህርቷ የምታውቀው፣ አንቺ የማታውቂው አንድ መልስ ያለ መስሎሻል። እንደዚያ ያለ መልስ የለም። መምህርትሽ ነፍጋሽ አይደለም። «አንቺ ምን ይመስልሻል?» ስትልሽ የምሯን ነው የምትጠይቅሽ።

ፈታኞቹም ቢሆኑ አንድ ትክክለኛ ትርጉም ይዘው አይጠብቁሽም። በዋናነት የሚመዝኑት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የራስሽ አስተያየት ኖሮሽ ከጽሑፉ በማስረጃ ማስደገፍሽን። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው በቃሉ፣ በቅርጹና በአወቃቀሩ ምን እንዳደረገ ማሳየትሽን። ሦስተኛ፣ ጽሑፉን ከተጻፈበት ዘመን ጋር ማገናኘትሽን። ሼክስፒሩ ላይና የዘመናዊው መጽሐፍ ጥያቄ ላይ ለፊደልና ለሥርዓተ ነጥብ ትንሽ ነጥብ ይጨመራል። «ታሪኩን በትክክል መናገር» የሚል መመዘኛ ግን የለም።

ከቅኔው ግን ሌላውን ልማድ ይዘሽ ነይ። ቅኔ መስማት የሚያውቅ ሰው ሰሙን አይንቅም። ወርቁ የሚወጣው ከዚያችው ቃል ነው። ቃሏን በሌላ ብትተኪያት፣ ፍቺዋ ያው ቢሆን እንኳ፣ ወርቁ ብን ብሎ ይጠፋል። አንቺ ይህን የሚሰማ ጆሮ አለሽ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «ምን ማለቱ ነው?» ብለሽ አትነሺ። «ለምን በዚህ ቃል አለው? ሌላ ቢል ምን ይጎድል ነበር?» ብለሽ ተነሺ። ግጥምም ሆነ ድራማ ስትይዢ ሥራሽን የምታስጀምርሽ ይቺ ጥያቄ ናት።

በምሳሌ ላሳይሽ። ትምህርት ቤታችሁ «ፓወር ኤንድ ኮንፍሊክት» የሚባለውን የ15 ግጥሞች ስብስብ ከመረጠ «ኦዚማንድያስ» እዚያ ውስጥ አለ። ፐርሲ ቢሽ ሼሊ በ1818 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ኦዚማንድያስ የሚለው ግሪኮች የግብፁን ፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስን የሚጠሩበት ስም ነው። ተራኪው ከጥንታዊ አገር የመጣ መንገደኛ አገኘሁ ይላል። መንገደኛውም በረሃ ላይ የቆሙ ሁለት ግዙፍ የድንጋይ እግሮች፣ አጠገባቸው አሸዋ ግማሹን የዋጠው የተሰበረ ፊት እንዳየ ይነግረዋል። ከሥር ጽሑፍ አለ። የነገሥታት ንጉሥ ነኝ፤ እናንተ ኃያላን ሥራዬን አይታችሁ ተስፋ ቁረጡ ይላል። ዙሪያው ግን አሸዋ ብቻ ነው።

ይህን ያህል ብትጽፊ ታሪኩን ነግረሻል። ነጥብ የለውም ማለት ይቻላል። አሁን ጥያቄያችንን ይዘን እንግባ።

መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው? ሼሊ «በረሃ ሄጄ አየሁ» ማለት ይችል ነበር። አላለም። መንገደኛ አገኘሁ አለ። መንገደኛው ደግሞ የንጉሡን ቃል ከድንጋይ ላይ አንብቦ ነው የሚያወራው። እንግዲህ የንጉሡ ድምፅ እኛ ዘንድ የደረሰው በሁለት ሰው አፍ አልፎ ነው። በዘመኑ ሲያዝ አገር ይንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ዛሬ የአንድ ስሙ የማይታወቅ መንገደኛ ወሬ ሆነ። አየሽ፣ ይህን ለማለት የተደበቀ ነገር አልቆፈርንም። የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ ነው ያነበብነው።

ቀጥሎ ንጉሡ «ተስፋ ቁረጡ!» ካለ በኋላ የሚመጣውን እዪ። «ነቲንግ ቢሳይድ ሪሜይንስ።» ከዚህ ሌላ የቀረ ነገር የለም ማለቱ ነው። ሦስት ቃል፤ ከዚያ ነጥብ። ሼሊ እዚህ ቦታ ላይ የፈረሰ ቤተ መንግሥት፣ የወደቀ ግንብ፣ የተሰበረ በር ሊያሳየን ይችል ነበር። ቢያሳየን ኖሮ «ለካ ትልቅ ነገር ነበረው» እንል ነበር። ከሐውልቱ ስብርባሪ በቀር ምንም አልሰጠንም። ሥራዬን እዩ ያለው ንጉሥ የሚታይ ሥራ አጣ። «ተስፋ ቁረጡ» የሚለውም ቃል አንድ ፊደል ሳይቀየር ዞረ። ንጉሡ ሲያስጽፈው «አትደርሱብኝም» ማለቱ ነበር። ዛሬ የሚያነበው ኃያል ግን «የእኔም መጨረሻ ይኸው ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እዚህ ላይ የቅኔ ጆሮሽ ይረዳሻል።

ከዚያ ግጥሙን ጮክ ብለሽ አንብቢው። እባክሽ ይህን አትዝለዪው። ግጥም በዓይን ብቻ ሲነበብ ግማሹ ይቀራል። መጨረሻው ላይ «ባውንድለስ ኤንድ ቤር» (ወሰን የለሽና ባዶ) ይላል፤ ወዲያው «ሎን ኤንድ ሌቭል» (ብቸኛና ደልዳላ) ይላል። «በ» እና «በ»፣ «ለ» እና «ለ»። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «ገጣሚው የድምፅ ድግግሞሽ ተጠቅሟል» ብሎ ያቆማል። አንቺ አትቁሚ። ድምፁ ሲደጋገም አፍሽ ምን ይሆናል? ይዘገያል። አሸዋው እንደማያልቅ ሁሉ ስንኙም የማያልቅ ይመስላል። ደግሞ «ሌቭል» የሚለውን ቃል አውጥተሽ «ቢጫ» የሚል ቃል አስገቢ። ምን ጎደለ? «ሌቭል» ደልዳላ ማለት ነው፤ ከፍ ያለም ዝቅ ያለም የለበትም። ከሁሉ በላይ ነኝ ያለውን ሰው አሸዋው ከሁሉ እኩል አደረገው። «ቢጫ» ቀለሙን ብቻ ነበር የሚነግረን።

አንድ ነገር ላንቺ ትቼልሻለሁ። ፊቱ ላይ የትዕቢት ፈገግታ፣ «ስኒር ኦቭ ኮልድ ኮማንድ» አለ። ያንን የቀረጸው የሐውልት ሠራተኛ ነው፤ የንጉሡን ጠባይ በደንብ አንብቦታል ይላል ግጥሙ። ታዲያ ከንጉሡና ከሠራተኛው ሥራው የቀረለት የትኛው ነው? በዚህ ላይ አንድ አንቀጽ ጻፊ። መልሱን ከእኔም ከመምህርትሽም አትጠብቂ።

ስለ ቅርጹ፣ 14 ስንኝ ያለው ሶኔት ነው። ይህን ብቻ ብለሽ የምታልፊ ከሆነ ባትጠቅሺው ይሻላል። ስለ ቤት አመታቱ የምትዪው ነገር ሲኖርሽ ጥቀሺው።

አሁን ሁለት አንቀጽ በአማርኛ ልጻፍልሽና ልዩነቱን እዪ። እንግሊዝኛውን አንቺ ታደርጊዋለሽ። የመጀመሪያው እንዲህ ነው፦

«ሼሊ ‹ነቲንግ ቢሳይድ ሪሜይንስ› በማለት አጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቅሟል። ይህም የአንባቢውን ቀልብ ይስባል። ንጉሡ ሥልጣኑን እንዳጣ ያሳያል።»

ሁለተኛው፦

«ንጉሡ ‹ተስፋ ቁረጡ!› ብሎ ሲያዝ፣ ሼሊ የሚመልስለት በሦስት ቃል ነው፤ ‹ነቲንግ ቢሳይድ ሪሜይንስ›። የፈረሰ ከተማ እንኳ አያሳየንም፤ ፍርስራሽ ቢኖር የንጉሡን ታላቅነት ይመሰክርለት ነበርና። የዓረፍተ ነገሩ ማጠር ፉከራውን በድንገት ያቋርጠዋል። በዚህም ‹ተስፋ ቁረጡ› የሚለው ትእዛዝ ከማስፈራሪያነት ወደ ማስጠንቀቂያነት ይለወጣል፤ የሚያስጠነቅቀውም ዛሬ በዙፋን ላይ ያሉትን ነው።»

ሁለቱም ያነሱት ያንኑ ጥቅስ ነው። የመጀመሪያው ዘይቤውን ሰይሞ ሄደ። ሁለተኛው አብሮት ቆየ። መምህርትሽ «እና ምን ይሁን?» ስትል የምትጠይቅሽ ይህንን መቆየት ነው። «የአንባቢውን ቀልብ ይስባል» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ጣያት። ስለማንኛውም ጽሑፍ ሊባል የሚችል ነገር ስለዚህኛው ጽሑፍ ምንም አይናገርም።

የሁለተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ «ዛሬ በዙፋን ላይ ያሉትን» የምትለዋን ልብ በዪ። የዘመኑ ነገር የሚገባው እንዲህ ነው። ግጥሙ ሲታተም ናፖሊዮን በዋተርሉ ጦርነት ከተሸነፈ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ሼሊ ራሱ የነገሥታትን አገዛዝ የሚቃወም ሰው ነበር። ይህ እውቀት ግጥሙ ማንን እንደሚያስጠነቅቅ ሲያሳይ ቦታ አለው። አንቀጹ መጨረሻ ላይ እንደ ቅጥያ «ሼሊ የሮማንቲክ ገጣሚ ነበር» ብሎ መለጠፍ ግን አይጠቅምሽም።

ለንደን ስላለሽ ደግሞ ብሪቲሽ ሙዚየም ሂጂ። መግቢያው በነጻ ነው። ግብፅ ክፍል ውስጥ የዳግማዊ ራምሴስ ትልቅ የድንጋይ ራስ አለ። ለንደን የደረሰው ግጥሙ ከታተመ በኋላ ነው፤ ስለዚህ «ሼሊ ይህን አይቶ ጻፈ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ግን ፊቱ ፊት ቆመሽ ግጥሙን በሹክሹክታ ብታነቢው ሌላ ነገር ይሰማሻል።

ወደ «ቋንቋው የኔ አይደለም» ወዳልሽው ልምጣ። ማንም በአማርኛ አታስቢ አላለሽም። ግጥሙ ዳር ላይ በአማርኛ ጻፊ። «እዚህ ጋ ቀዘቀዘኝ»፣ «ይሄ ሰውዬ ይዋሻል»፣ «ለምን ደገመው?» ብለሽ ሞነጫጭሪ። ሐሳቡ ከጠራ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ይቻላል። ያልጠራ ሐሳብን ግን በየትኛውም ቋንቋ ማሳመር አይቻልም። እቤት እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ካለ፣ እናትሽም ትሁን አያትሽ፣ ግጥሙን በአማርኛ ንገሪያት። «ታዲያ ራሱ ሄዶ ለምን አላየውም?» ብላ ትጠይቅሽ ይሆናል። መምህርትሽ የምትፈልገው ጥያቄ ይኸው ነው።

አጭር ልቦለድ ላይ የትኛውን እንደምታነቡ አልነገርሽኝም። ስለዚህ በብዙ ክፍሎች የሚነበበውን የኬት ሾፒንን «የአንድ ሰዓት ታሪክ» ልውሰድ። አሜሪካዊት ናት፤ ታሪኩም የ1894 እ.ኤ.አ. ነው። አንዲት የልብ ሕመም ያለባት ሴት ባሏ በባቡር አደጋ ሞተ ይሏታል። ታለቅሳለች፤ ክፍሏን ትዘጋለች። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ውጭው ጸደይ ነው። ቀስ በቀስ ከኀዘኑ ሥር «ነጻ ወጣሁ» የሚል ስሜት ይመጣባታል። ከክፍሏ ወጥታ ደረጃውን ስትወርድ ባሏ በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ለካ አደጋው ቦታም አልነበረም። ትሞታለች። ሐኪሞቹ በደስታ ነው የሞተችው ይላሉ።

አጭር ልቦለድ ሲሰጥሽ ብዙ ቦታ አትበታተኚ። አንድ ክር ያዢና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከተዪው። እኔ ስሟን እከተላለሁ። ሲጀምር «ሚስስ ማላርድ» ናት፤ የባሏ ስም ነው። ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ተራኪው በአብዛኛው «እሷ» ይላታል። ነጻነቱ ከተሰማት በኋላ እህቷ ከበሩ ውጭ ሆና «ሉዊዝ፣ በሩን ክፈቺ» ትላለች። የራሷን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የምንሰማው እዚህ ላይ ነው። ባሏ ሲገባ ደግሞ አንድ ወዳጃቸው «ሚስቱ» እንዳታየው ሊከልለው ይሞክራል። እንግዲህ ከሰው ሚስትነት ወደ ሉዊዝ፣ ከሉዊዝ መልሶ ወደ ሰው ሚስትነት። የሉዊዝነት ዕድሜዋ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ይህን ክር ብቻ ይዘሽ ስለ ትዳር፣ ስለ ነጻነት፣ ስለ አወቃቀሩ መጻፍ ትችያለሽ።

መጨረሻው ላይም ቁሚ። ሐኪሞቹ የተናገሩትን ቃል የሚያርም ማንም የለም። እህቷም አታውቅም፤ ባሏም አያውቅም። እውነቱን የምናውቀው እኛ አንባቢዎች ብቻ ነን። ጸሐፊዋ «ተሳስተዋል» ብላ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምር ኖሮ ምን ይጎድል ነበር? የሴትዮዋ ብቸኝነት ይጎድል ነበር። ክፍል ውስጥ የነበረችው ሉዊዝ ማንም ሳያውቃት ሞተች።

ድራማ ላይ ተማሪዎች በጣም የሚረሱት ነገር አለ። ድራማ መጽሐፍ አይደለም፤ መድረክ ነው። ስለዚህ ከቃላቱ ሌላ ሁልጊዜ ጠይቂ፦ መድረኩ ላይ ማን አለ? በእጁ ምን ይዟል? ተመልካቹ ምን ያውቃል? ምንስ አያይም?

የሼክስፒርን ማክቤዝ እየተማራችሁ ከሆነ፣ ንጉሥ ዳንከንን ገድሎ ዙፋኑን የሚወስደውን የማክቤዝን ሚስት፣ ሌዲ ማክቤዝን፣ በሻማ እንከተላት። መጀመሪያው ገቢር ላይ፣ ግድያው ከመታሰቡ ጋር፣ «ነይ፣ ጥቅጥቅ ያልሽ ሌሊት» ብላ ጨለማን ትጠራለች። ቢላዋዋ የምትከፍተውን ቁስል እንዳታይ፣ ሰማይም እንዳያይ ጨለማ ትፈልጋለች። አምስተኛው ገቢር መጀመሪያ ላይ ደግሞ በእንቅልፍ ልቧ ሻማ ይዛ ትገባለች። አገልጋይዋ ለሐኪሙ ምን ትለዋለች? ብርሃን ከአጠገቧ እንዳይለይ ራሷ አዛለች። ጨለማን የጠራች ሴት ያለ ብርሃን መተኛት አልቻለችም። ይህን የሚነግረን ረጅም ንግግር አይደለም። አንዲት ሻማ ናት። ድራማውን ስታነቢ ሻማዋ ካልታየችሽ ግማሹ አምልጦሻል።

እዚያው ትዕይንት ላይ ሌላም አለ። በፊት በግጥም ትናገር የነበረች ሴት አሁን የተቆራረጠ ዝርው ነው የምታወራው። የሼክስፒር ሰዎች ራሳቸውን ሲቆጣጠሩ የምንሰማው ምት ከአፏ ጠፍቷል። በፊት ባሏን ትገፋ፣ ታዝ ነበር። አሁን የምታወራው ከማንም ጋር አይደለም፤ ሐኪሙና አገልጋይዋ ግን ተደብቀው ይሰሟታል። ሐኪሙ ቃሏን ይጽፋል። ምስጢሯን ስትጠብቅ የኖረች ሴት በራሷ አፍ ለምስክር እየተናገረች ነው።

ደግሞ አስቢው፤ የንጉሥ ዳንከን ግድያ መድረክ ላይ አይታይም። የሚታየው ማክቤዝ ጩቤዎቹን ይዞ ሲወጣና የደሙ እጆቹ ናቸው። ሼክስፒር የወጋበትን ደቂቃ ደብቆ እጆቹን አሳየን። ለምን? መልሱን ለመሥራት እስከ መጨረሻው ድረስ እጅን ተከተዪ። ብዙ ታገኛለሽ።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን ማክቤዝን ወደ አማርኛ መልሶታል። ቤተሰብ አገር ቤት ካላችሁ አስፈልጊው። መጀመሪያ በአማርኛ አንብበሽ ከዚያ እንግሊዝኛውን ብትይዢ ድራማው ሥጋ ለብሶ ይመጣልሻል። ፈተናው ላይ ግን የምትጠቅሺው እንግሊዝኛውን ነው።

የዘይቤ ስሞችን በተመለከተ አጭር ልሁን። አገር ቤት ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ፣ ግነት እያልሽ ተምረሻል፤ የእንግሊዝኛ ስማቸውን ማወቅ ግዴታሽ ነው። ግን ዘይቤ ለቀማ ትንታኔ አይደለም። ስሙን የምትጠሪው ስለ ሥራው የምትናገሪው ነገር ስላለሽ ይሁን።

ከሁሉ በላይ ይህ በቃሉ ላይ የመቆየት ልማድ የሚያስፈልግሽ ሁለተኛው የፈተና ወረቀት ላይ ነው። እዚያ አይተሽው የማታውቂው ግጥም ይሰጥሻል፤ 24 ነጥብ አለው። ቀጥሎ ሌላ አዲስ ግጥም ይመጣና ከመጀመሪያው ጋር አነጻጽሪ ትባያለሽ፤ ያ 8 ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ጊዜሽን ለመጀመሪያው ስጪ። እዚህ ጋ ሽምደዳ አያድንም። ግጥሙን ሁለቴ በዝግታ አንብቢ። የሚናገረው ማን ነው፣ ለማን ነው፣ የት ላይ ስሜቱ ይለወጣል በዪ። የሚለወጥበትን ስንኝ ካገኘሽ ከሱ ተነሺ። ሦስት አራት ቃል መርጠሽ በየአንዳንዳቸው ላይ ቆዪ። ሁሉንም ስንኝ ለማዳረስ አትሩጪ፤ የተዘለለ ስንኝ ነጥብ አያስቀንስም፣ የተሸረፈ ሐሳብ ግን ያስቀንሳል። ለልምምድ በሳምንት አንድ የማታውቂውን አጭር ግጥም ይዘሽ አንድ አንቀጽ ብቻ ጻፊ። መምህርትሽም ሙሉ ድርሰት ከማረም አንድ አንቀጽ ማየት አይከብዳትም፤ ጠይቂያት።

የመጨረሻ ጥያቄሽ ስለ ጥቅስ ነበር። መጽሐፍ ይዞ መግባት የለም። ሼክስፒሩ ላይና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልቦለድ ላይ ከሥራው የተቆረጠ ክፍል ይታተምልሻል፤ ከስብስቡም አንድ ግጥም ይታተማል። ሌላውን ከራስሽ ነው የምታመጪው። ነገር ግን ረጃጅም ንግግር መሸምደድ አያስፈልግሽም። ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል፤ አጭር ጥቅስ ላይ መቆየትም ይቀላል። ስትመርጪ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩትን ምረጪ። ሌዲ ማክቤዝ ከግድያው በኋላ ትንሽ ውሃ ይበቃናል ትላለች፤ «ኤ ሊትል ዎተር»። በእንቅልፍ ልቧ ግን የአረቢያ ሽቶ ሁሉ ይቺን ትንሽ እጅ አያጣፍጣትም ትላለች፤ «ኦል ዘ ፐርፊውምስ ኦቭ አረቢያ»። ሁለቱን አንድ ላይ ያዢያቸው። ከትንሽ ውሃ ወደ ሽቶ ሁሉ የሄደችበትን መንገድ ስትጽፊ የጸጸት ጥያቄ ቢመጣም፣ የእሷ ለውጥ ቢመጣም፣ የጥፋተኝነት ጥያቄ ቢመጣም ያገለግሉሻል። እንዲሁም ጠንቋዮቹ ሲከፍቱ ያማረው አስቀያሚ፣ አስቀያሚው ያማረ ነው ይላሉ። ማክቤዝ መድረኩ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያ ቃሉ «እንዲህ አስቀያሚም ያማረም ቀን አይቼ አላውቅም» የሚል ነው። ገና ሳያገኛቸው ቃላቸው አፉ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛው «ፎል» እና «ፌር» ነው፤ ሁለት ቃል። ስለ ጠንቋዮቹ፣ ስለ ማክቤዝ ወይም ከውጭ ስለሚታየውና ውስጥ ስላለው ነገር ብትጠየቂ ከእነዚህ ሁለት ቃላት መነሳት ትችያለሽ።